ከወንድሜ ኮምፒውተር የተረፈው

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጠጋኙ አይደለም፣ የመብራት መቆራረጥ አይደለም፣ እኔ ራሴ! ሃያ ዓመት ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩት ጸሐፊዋ!

ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናቴ ግን ይህን አታውቅም፤ ብንነግራትም አይቆይላትም። አእምሮዋ ከድቷታል። እኔን «ሲስተር» ነው የምትለኝ፤ ከሆስፒታል የተላክሁ ነርስ እመስላታለሁ መሰለኝ። ምሳ ሳበላት «እግዜር ይስጥሽ፣ ሰው አያሳጣሽ» ትለኛለች። ለምጄዋለሁ እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ወንድሜን ግን አልረሳችውም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጫማዋን አጥልቃ «ልጄን ልቀበል» ብላ ትወጣለች። ባለፈው ወር አስፋልት መሃል ቆማ፣ አንድ ባለታክሲ ፍሬን ባይዝ ኖሮ አልቆላት ነበር። በሩን ብቆልፍባት በጡጫ ትደበድበዋለች። እጇ በልዞ ሳይ መቆለፉን ተውኩት።

እቤት የሚያስቀምጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ። ያ ቀባጣሪ ያልቀረጸው ነገር አልነበረም። ጢሙን ሲላጭ፣ ሲዘፍን፣ እናቴን በሳቅ ሲያፈርሳት። ቪዲዮውን ስከፍትላት ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም። አንድ ቀን ታዲያ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አገላበጠው።

«ስክሪኑ ሞቷል፤ ሆዱ ግን ደህና ነው» አለኝ። «በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ያለው ሲስተም ለዚህ ሽማግሌ ይከብደዋል፤ አጥፍተን ቪዲዮ ብቻ የሚያጫውት ቀለል ያለ እንጭንበት። እናትሽ ሪሞቱን ሲጫኑ ልጃቸው ከተፍ ይላል።»



«ግን እህቴ፣ ስንጭን ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ቪዲዮዎቹን መጀመሪያ ልገልብጥልሽ?»

«ይሄ ደግሞ ያቅተኛል እንዴ? ራሴ እገለብጠዋለሁ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር የወንድሜን ገመና ባዕድ እንዲያይብኝም አልፈለግሁም።

ቤት ወስጄ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ቪዲዮዎች» የሚል ፎልደር አለ፤ እሱን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በአንድ ሰከንድ አለቀ። «አይ ፍጥነት!» ብዬ ራሴን አደነቅሁ። ከፍቼ እንኳ አላየሁትም። በማግስቱ ጠጋኙ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ኧረ አትጨቅጭቀኝ፣ አጥፋው!» አልኩት። አጠፋው።

አዲሱን ጭኖ ሲጨርስ ፍላሹን ሰክቶ ከፈተ። ምንም የለም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ፍላሹን አየ።

«እህቴ፣ የገለበጥሽው ሾርትከት ነው። ወደ ፎልደሩ የሚመራ ምልክት እንጂ ፎልደሩ አይደለም። የቤት ቁጥሩን ነቅሎ ቤቱን ይዤ መጣሁ እንደማለት ነው።»

ሱቁ ወለል ላይ ዘጭ ማለቴን ብቻ አስታውሳለሁ። «መልስልኝ! ወንድሜን መልስልኝ!» እያልኩ ጮህኩበት። ሰውዬው ምን ያድርግ? ወንድሜን ሁለተኛ ቀበርኩት፤ ያውም በገዛ እጄ።

የጠፋውን መልሶ ሊያወጣ አራት ቀን ታገለበት። እኔም አራት ቀን ከቢሮ ቀድሜ እየወጣሁ ከእናቴ ጋር መንገድ ዳር ቆምኩ። ወንድ ባለፈ ቁጥር ክንዴን ጨምድዳ «እሱ ነው?» ትለኛለች። አይደለም እማዬ። «ያስ?» እሱም አይደለም። በአምስተኛው ቀን ጠጋኙ ደወለ።

«አንድ ተገኘ። አርባ ሰከንድ ነው። ሌላው ላይ አዲሱ ሲስተም ተጽፎበታል፤ አይመለስም።»

ከቢሮ አስፈቅጄ እየሮጥኩ ሄድኩ። እቤት ስደርስ እናቴን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ፣ ገመዱን ሰካሁና ሪሞቱን ተጫንኩ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥ ቤታችን መጣ። እኔ ነኝ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ፀጉሬ ተንጨባሮ። «ዞር በልልኝ! አትቅረጸኝ አልኩህ እኮ!» እላለሁ። ሳቁ ይሰማል። ካሜራውን የያዘው እሱ ነው፤ አንዴ እንኳ አይታይም። አርባ ሰከንድ ሙሉ የእኔ ቱግ ማለት ብቻ! አለቀልኝ አልኩ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«ልጄ!» አለች እናቴ።

ቀና አልኩ። ሳቁን ለየችው ብዬ ነበር። እሷ ግን ተነስታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ፣ በጣቷ የምትደባብሰው ሽንኩርት የምትከትፈዋን ሴት ነው።

«ቁጡዋ ልጄ እኮ ናት! አየሻት ሲስተር? ከልጅነቷ እንዲህ ናት፣ እሳት!» ብላ ስሜን ጠራች። ስሜን ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

እግሯ ስር ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ። እዚሁ ነኝ። እይኝ እስቲ።»

እንደማያውቁት ሰው በትሕትና አየችኝ። «ተነሽ እንጂ የኔ እመቤት፣ ምን ሆንሽ?» አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ደግሜ አጫወትኩላት። ደግሜ፣ ደግሜ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ልጄን ልቀበላት ነዋ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ለወንድሟ ብቻ ስወጣ ምን ትለኝ ይሆን? ትቀየመኛለች እኮ።»

ጫማዋን አጠለቅሁላት። ክንዷን ይዤ ወጣን፤ መንገድ ዳር ቆመንም እኔን መጠበቅ ጀመርን።