ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ

አክስቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። ከቤታችን ሥር ባለችው አንዲት ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። ግድግዳው ላይ ካካቪቴው በየቁመቱ ተሰልፏል፣ ብሎኑ በየመጠኑ ተለይቶ በጣሳ በጣሳ ተቀምጧል፣ በሩ ሲከፈት ሰውን መጀመሪያ የሚቀበለው የማሽን ዘይት ሽታ ነው።

ብሎግ የከፈትኩላት ከስድስት ዓመት በፊት ነበር። ስልክ መመለስ ሰልችቷት ነው። ደንበኞቿ ቀኑን ሙሉ ይደውላሉ፤ የሚጠይቁት ግን ያንኑ ነው፤ ክሩ ተበጠሰ፣ መርፌው ተሰበረ፣ መኪናው ጨርቁን ዋጠው። «አንድ ጊዜ ልጻፈውና ሂዱ አንብቡ ልበላቸው» አለችኝ። ስሙንም ራሷ አወጣችለት፤ «ክር በጠሰብኝ»። ጠዋት ጠዋት እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ትቀመጥና በሁለት ጣቷ ስለ አንድ ብልሽት ብቻ ትጽፋለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ።

ከጽሑፏ ይልቅ ከሥሩ የሚመጣው አስተያየት ይረዝም ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ትጠይቃለች፣ ድንኳን የሚሰፋ ሰው ይመልስላታል፣ ሌላው መሀል ገብቶ ሁለቱንም ያርማል። ከሁሉም የባሰው ግን «እኔ ነኝ» የሚባለው ሰው ነበር። ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «እኔ ነኝ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላ ምንም የለም። በአራት ዓመት ውስጥ እሱ ሳይቃወመው ያለፈ አንድም ጽሑፍ የላትም። ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃል ስትል «አንቺ ሴትዮ፣ መኪናውን በውኃ ጥም ልትገድይው ነው?» ይላታል። ሦስት ስትል ደግሞ «መኪና ነው ወይስ መጥበሻ?» ይላል። እሷም አትተኛለትም። «አንተ ሰውዬ፣ ሥራ የለህም እንዴ?» ብላ ትመልስና ቀኑን ሙሉ እያጉረመረመች ትውላለች። እኔ ሰውየውን ጥምድ አድርጌ ይዤው ነበር።

ድረ ገጽ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሰው ገጽ ሳሳምር እየዋልኩ የገዛ አክስቴ ብሎግ በቢጫ መደብ ላይ በአረንጓዴ ፊደል መቅረቱ ያሳፍረኝ ጀመር። አንድ ቀን ባልደረቦቼ አይተውት «ይሄ ደግሞ የማነው?» ሲሉ «እንጃ» አልኩ። ውሸቴ ሲከነክነኝ ዋለና፣ እቤት እንደገባሁ ብሎጉን እንደ አዲስ ልሥራልሽ አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«አርጅቷል።»

«ያረጀ ሁሉ አልተበላሸም» አለች፣ ከፈታችው መኪና ላይ ቀና ሳትል። «ግን እንደፈለግሽ። የሰዎቹን ወሬ ብቻ እንዳትነኪብኝ።»

አልነካም አልኩ። ነካሁ።

ለነገሩ ምክንያት ነበረኝ። አስተያየቱ ውስጥ ማስታወቂያ እንደ አረም በቅሎ ነበር፤ ጸጉር የሚያሳድግ ቅባት፣ በሳምንት ቋንቋ የሚያስለምድ ትምህርት፣ ምኑ ቅጡ። በዚያ ላይ «እኔ ነኝ» አለ። ስለዚህ በሩን አጠበቅሁት። አስተያየት መስጠት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ይመዘገባል፣ ኢሜይሉን ይሰጣል፣ ፊደልና ቁጥርና ምልክት የተቀላቀለበት የይለፍ ቃል ያወጣል፣ በመጨረሻም «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» ከሚለው ሥር ከዘጠኝ ሥዕል ውስጥ ብስክሌት ያለበትን እየለየ ይመርጣል። ገጹንም ነጭ አደረግሁት፤ ፊደሉን አቅጥኜ ግራጫ ቀባሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከፈትነው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ሐኪም ቤት መሰለ» አለች። ሙገሳ ነው ብዬ ወሰድኩት።

በመጀመሪያው ቀን አንድም አስተያየት አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች፤ ከጽሑፏ ሥር «ዜሮ አስተያየት» ይላታል፤ ትዘጋዋለች። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ «ጽሑፌ ከፋ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልከፋም አልኳት። አላመነችኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ያወጣችውን ጽሑፍ ሳነብ ደነገጥኩ። መርፌ ስትቀይሩ ገልብጣችሁ ክተቱት፣ እንዲያውም ይሻላል ይላል። የስፌት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ተገልብጦ ከገባ መኪናው አንዲት ስፌት አይሰፋም። ይህን እኔ እንኳ በሰባት ዓመቴ አውቀው ነበር።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ ስህተት ነው።»

«አውቃለሁ። ወጥመድ ነው።»

«ለማን?»

«ለዚያ ለ'እኔ ነኝ'። ይህን አይቶ ዝም ካለ ታሟል ማለት ነው።»

ማክሰኞ ዝም። ረቡዕም ዝም። ረቡዕ ቀን አክስቴ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች። «ሰውየው አንድ ነገር ሆኗል» አለች። «ደህና ቢሆን ይህን አያልፍም ነበር። ስሙን እንኳ አላውቅ፣ በምን ልጠይቅ?» አራት ዓመት ሙሉ ስትነጅሰው ለኖረችው ሰው እንዲህ ስትጨነቅ ሳይ ነገሩ እኔንም ከበደኝ።

በመሥሪያ ቤታችን አንባቢ ዝም ሲል መጠይቅ ይዘጋጃል። እኔም አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀሁ፤ «አዲሱን የአስተያየት መስጫ ምን ያህል ወደዱት? ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይስጡ» ምናምን የሚል። ገጹ ላይ አወጣሁት። አንድም ሰው አልሞላውም።

«እስቲ እኔ ልሙላው» አለች አክስቴ በማግስቱ፣ ሐሙስ ዕለት። አጠገቧ ቆሜ አየኋት። መጠይቁን ስትነካው መጀመሪያ ይመዝገቡ አላት። የይለፍ ቃል ጻፈች፤ ደካማ ነው አላት። ሌላ ጻፈች፤ ምልክት ይጎድለዋል አላት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ረጋ ብላ፣

«ልጄ፣ በሩን ቆልፈሽ 'ለምን አልገባችሁም?' የሚል ወረቀት ከውስጥ በኩል ለጥፈሻል» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓርብን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ኮምፒውተሬን ይዤ እሷ ጠረጴዛ ጥግ ተቀመጥኩና ያጠበቅሁትን ሁሉ ልፈታ ጀመርኩ። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። አክስቴ እጇ ዘይት ስለነበር አልተነሳችም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ከውጭ የወንድ ድምፅ።

«አንተ ማን?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ።»

አክስቴ የያዘችው ካካቪቴ ከእጇ ወድቆ እስከ እግሬ ተንከባለለ። ሄጄ ከፈትኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ አዛውንት ቆመዋል። ደረት ኪሳቸው ውስጥ አንድ እሽግ መርፌ ይታያል። ቤቱን ልብስ ሰፊዎችን እያጠያየቁ፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት። በብሎጉ ላይ እንደዚያ የሚዘልፉ ሰው ፊት ለፊት ሲሆኑ ጨዋ ሆነው አረፉት፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በትሕትና ዝቅ አሉ።

«መርፌውን ገልብጡ ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

አክስቴ «እኔ ነኝ» ብላ መለሰችና ከንፈሯን ነከሰች።

«አንዱ ጀማሪ አምኖ መኪናውን ቢሰብረውስ? ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።» እሽጉን ከኪሳቸው አውጥተው አንዱን መርፌ ለማስረዳት ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ታዲያ ለምን አልጻፉልንም?» አልኩ እኔ።

ዞር ብለው አዩኝ። «ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ልጄ። ኢሜይል አምጣ አለኝ፤ የልጄን ሰጠሁት። የይለፍ ቃል አለኝ፤ ሰጠሁት፤ ደካማ ነህ አለኝ። እሱንም ቻልኩት። ከዚያ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ አለኝ። ሰባ አንድ ዓመት ስኖር ይህን የጠየቀኝ የለም። ብስክሌት ምረጥ ይላል፤ እመርጣለሁ፤ አንዱ ሥዕል ላይ ግን ጎማው ብቻ ነው የሚታየው። ጎማ ብስክሌት ነው ወይስ አይደለም? እሱን ሳሰላስል ሰዓትዎ አልቋል አለኝ።»

አክስቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ግን አጋለጣት። እሳቸውም አይተዋት ሳቁ። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የሳቅሁት።

ሻይ አፈላሁ። ሻዩን ይዘው ማንነታቸውን አጫወቱን። በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የማሽን መካኒክ ነበሩ፤ ሁለት መቶ መኪና በእሳቸው እጅ ነው ያለፈው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ቤቱ ጭር ይላል።

«ጠዋት ተነስቼ የእርስዎን ጽሑፍ አነባለሁ፣ እናደዳለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ደሜ ይንቀሳቀሳል» አሉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የምናደድበት አጣሁ።»

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ያ የመርፌው ነገር ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ለምን?»

«ታመው መስሎኝ ነዋ።»

ሰውየው መርፌውን መልሰው እሽጉ ውስጥ ከተቱና «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሶ።

ከመሄዳቸው በፊት መላ የመቱልኝ እሳቸው ናቸው። «መጠይቅሽን ተይው፣ ስልክ ቁጥር ጻፊ። መጻፍ ያቃተው መናገር አያቅተውም።» ከገጹ አናት ላይ የአክስቴን ቁጥር በትልቁ አወጣሁት፤ ከሥሩም «የአስተያየቱ በር ተበላሽቶብናል፤ እንዴት እንጠግነው? ደውላችሁ ምከሩን» ብዬ ጻፍኩ።

ሦስት ቀን ስልኩ አላረፈም። እኔ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ። አንዱ ፊደሉ ከመደብዘዙ የተነሳ የሚያነበው ስልኩን ፀሐይ ላይ ይዞ መሆኑን ነገረኝ። ሌላው አዲሱ አስተያየት ከላይ መምጣቱ ጨዋታውን ከጭራው እንዲጀምር እንዳደረገው አማረረ። የሆስፒታል አንሶላ የምትጠግን ሴት ዘይት በነካው እጅ ይህን ሁሉ የይለፍ ቃል መጻፍ የማይታሰብ ነው አለች። ኮከቡን የወደደ አንድም ሰው የለም፤ «ምክር በኮከብ ይለካል እንዴ?» አሉኝ። አንድ ሰውዬ ደግሞ የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ማሳየት እንጂ መግለጽ ምን ሊፈይድለት ብሎ ጠየቀ፤ ይህን እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

ግማሾቹ ስለ ገጹ ሳይሆን «ለመሆኑ 'እኔ ነኝ' ደህና ነው?» ብለው ነው የደወሉት። እሳቸው በየቀኑ ይመጡ ስለነበር አክስቴ ስልኩን ለእሳቸው ታቀብላለች። «ማን ልበል?» ሲሏቸው «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ያንን አስረድቶ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ግን ሌላ ነገር አነሳች። «ሙሉ በሙሉ እንዳትከፍቱት» አለችኝ። «አምና ጥያቄ ስጠይቅ አንድ ባለጌ የማይሆን ነገር ጻፈብኝ። ሁለት ቀን ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ነው የማነበው።» ይህን ለሁለቱም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አክስቴ ያንን ስድብ በጊዜው አላየችውም ነበር፤ ፊቷ ጠቆረ።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። አክስቴ ሁሉን አስተያየት ራሷ እያየች ልታሳልፍ ፈለገች። እሳቸው ተቃወሙ።

«መኪና ትፈቺያለሽ ወይስ በር ትጠብቂያለሽ?» አሉ። እርስዎ መባባሉ ከመቼ ወዲህ እንደቀረ አላስተዋልኩም።

«ታዲያ ማን ይጠብቅ? አንተ?»

«ምን አነሰኝ?»

«አንተማ የማትስማማበትን ሁሉ ትመልሳለህ።»

«የማልስማማበትንማ አስገብቼ ነው የምመልስለት። ደጅ ባቆመው ምን አገኛለሁ?»

«እንግዲያው ጠብቅ» አለች። እኔም እንዲሁ ሠራሁት። ስምና ጽሑፍ ብቻ፤ ቅጽል ስምም ይበቃል። ፊደሉ ጥቁርና ደማቅ። ጨዋታው እንደ ጨዋታ ከመጀመሪያው ይነበባል። የፎቶ መጨመሪያ ከአጠገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ ሰው ቃል በእሳቸው ዓይን ሥር ያልፋል፤ ከታወቀ በኋላ ማንም አያስቆመውም። ማስታወቂያውንና ባለጌውን እንዴት እንደሚያጠፉ በስልካቸው ላይ አሳየኋቸው፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ከፈትነው። አክስቴ የመርፌውን ስህተት አርማ፣ ለምን እንደጻፈችውም ሳትደብቅ ተናገረች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሠላሳ አራት አስተያየት መጣ፤ ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ ምርቃት ነው፤ ስድቡም የወዳጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ፎቶ ልካ ጻፈች። በማግስቱ ለምትመረቅ ልጇ ቀሚስ እየሰፋች መኪናው መሀል ላይ ነክሶ ይዞባታል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። አክስቴ ከሥር ያለውን ክዳን ክፈቺ አለቻት። እሳቸው አትክፈቺ፣ ከጎኑ ያለውን ማዞሪያ ጎማ በእጅሽ ወደ ራስሽ አዙሪ አሉ። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በየስልካቸው ይጨቃጨቃሉ። መሀል ላይ ስሙን አይተነው የማናውቅ ሰው ገባ፤ ስድስት ዓመት ሲያነብ ኖሮ አንድ ቃል ጽፎ የማያውቅ መሆኑን በአንድ መስመር ተናገረና፣ ፎቶው ላይ ከመርፌው ሥር የተጠመጠመ ክር ይታየኛል፣ በወረንጦ ሳቢው አለ።

አሥር ደቂቃ ያህል ምንም አልተጻፈም። ከዚያ ሴትየዋ «ሰፋ» ብላ ጻፈች።

«ክር?» አለች አክስቴ።

«የት ነው ክሩ?» አሉ እሳቸው፣ ስልካቸውን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው። «አንቺ አይተሻል?»

«አላየሁም። አንተስ?»

ፎቶውን አስፍቼ አሳየኋቸው። አለ፤ ጸጉር የሚያክል ቀይ ክር። ሁለቱ ተያዩ። አክስቴ ተነስታ ያንኑ ዓይነት መኪና ከመደርደሪያው አወረደች፣ ሰውየው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ክሩ በየት በኩል እንደገባ ለማየት መፍታት ጀመሩ። ሥራ አለብኝ ብዬ ኮምፒውተሬን ዘጋሁ። ስወጣ ቻው ማለቴን አልሰሙም።