ሽሪምፗን ብርድ እንዳይመታት

ካዛንቺስ መብራት የጠፋው ልጄ ዙለይካ ከቤት ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ነው። የሽሪምፖቿ የመስታወት ገንዳ ማሞቂያ ጠፋ፤ አየር የሚነፋው ትንሹ ሞተርም ዝም አለ።

ዙለይካ ለመመረቂያ ጥናቷ ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ የውሃ እንስሳት ታራባለች። እንቁላል የያዘችው አንዷ ብቻ ናት፤ ሆዷ ስር ታቅፋ በእግሮቿ ታራግበዋለች። «እማ፣ ውሃው ከቀዘቀዘ እንቁላሉን ትጥለዋለች። ከጣለችው በቃ፣ ዘንድሮ አልመረቅም» ብላኝ ነበር። ክረምቱ ደግሞ እንኳን ለእሷ ለእኛም አልተቻለም።

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ቁጥር አነባለሁ። ቴርሞሜትሩ ሃያ ስምንት ማለት ሲገባው ሃያ ስድስት ይላል። ዙለይካ ጋ ደወልኩ፤ አላነሳችም። «ኧረ ጉዴ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤቴ እትዬ ወለተማርያም ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ሽሪምፗን አዩዋት።

«ይቺማ አራስ ናት! መስኮቱን ዝጊ፣ ነፋስ እንዳያገኛት።»

አራስ መጠበቅ ለሁለታችንም አዲስ አይደለም። መስኮቱን ዘጋሁ። የሃይላንድ ጠርሙሶች ከፔርሙሶቻችን ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ ክዳናቸውን አጥብቀን ገንዳው ላይ አንሳፈፍን። ጋቢ አለበስነው። የገንዳው አፍ ላይ ላስቲክ ወጥረን ዙሪያውን አሰርን። ቁጥሩ ቀስ እያለ ሃያ ስምንት ገባ።

«አሁን የቀራት ገንፎ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ ከታች የለችም። ላስቲኩ ስር፣ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥታለች። እግሮቿ አይንቀሳቀሱም።

ስልኬ ጮኸ። ዙለይካ ናት፣ ኦሎምፒያ ታክሲ ሰልፍ ላይ። እትዬም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቼ መብራት መጥፋቱን ነገርኳት።

«ስንት ይላል እማ?»

«ሃያ ስምንት። ግን ላይ ወጥታ ፀጥ ብላለች።»

«ላይ? ምን ከደንሽበት?»

«ላስቲክ። ነፋስ እንዳያገኛት ብለን…»

«ወይኔ እማ! ቅደጂው! ውሃ ሲሞቅ አየሩ ያንሳል፣ ማለቴ፣ ሞተሩም ጠፍቷል፤ ታፍናለች! በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺበት። ጠርሙሶቹን እንዳታወጪ!»

እትዬ ወለተማርያም እጄን ያዙ። «ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ብርድ ይመታታል!»

«ይልቀቁኝ እትዬ።»

ላስቲኩን ቀደድኩት። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ፤ ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ጥቂት እንቁላሎች ከሆዷ ተላቅቀው ወደ ታች ሲሰጥሙ አየሁ። «ያ ረቢ» አልኩ። ክንዴ ዛለ፤ አላቆምኩም።

አንድ እግሯ ነቃ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ቀስ ብላ ወርዳ ታች አረፈች፤ ሆዷ ስር የቀረውን ማራገብ ጀመረች። አብዛኛው አለ።

«ታራግባለች!» ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ።

ዙለይካ ስታለቅስ ይሰማኛል። «እስክመጣ እንዳታቆሚ እማ» አለች።

እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን አደግድገው ኩባያውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱ ነው ያለችው?»