የዳበሉ ድንጋይ

እታለማሁ ሞያሌ የወረደች ዕለት ሀቢባ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣

«ናይሮቢ መሬት አለቀ እንዴ?» አለቻት።

«መሬቱማ አለ። ሥራው ነው ያለቀው።»

«እና እዚህ ሥራ አለ ያለሽ ማነው? እዚህ ያለው አቧራና ግመል ነው።»

ሀቢባ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ጨርቅ የምትነግድ፣ ከሱቋ ጀርባ ክፍል የምታከራይ ሴት ናት። አፏ አያርፍም፤ ክፋት ግን የላትም። ክፍሉን ከፈተችላት፣ ባልዲ አቀበለቻት፣ «ውሃ ሲመጣ እንዳትተኚ፤ ተመልሶ አይጠራሽም» ብላት ሄደች።

እታለማሁ ቀያሽ ናት። ወላጆቿ ስደተኛ ሆነው ኬንያ ገብተው እዚያው ቀሩ፤ እሷም ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ቅየሳ ተማረች። ተመርቃ ስትወጣ በየቦታው ሕንፃ ይሠራ፣ መሬት ይሸነሸን ነበር። ከዚያ ቀጥ አለ። ቀያሽ የተባለ ሁሉ ቤቱ ቁጭ አለ። እሷም ከባሏ ተለያይታ፣ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ተመልሳ ስትጠብቅ ይሄ ሥራ መጣ። ዳበል የሚባል፣ ከሞያሌ ወጣ ያለ የከብት አርቢዎች ሰፈር አለ። መንገድ ሊወጣለት፣ ለነዋሪው ቦታ ቦታው ተለክቶ ሊሰጠው ነው።

የቀጠራት የቅየሳ ድርጅት አለቃ ጆይስ ነገሩን አላረዘመችውም።

«ዳበልን ከጨረስሽ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ። ካልጨረስሽ ደግሞ ሥራ ፍለጋ በር ላይ የቆሙትን ታውቂያቸዋለሽ።»

ታውቃቸዋለች። አብራቸው ቆማለች።

ልጇን፣ «ቋሚ ስሆን የራሳችንን ቤት እንከራያለን፣ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብላት ነው አውቶቡስ የተሳፈረችው። ልጅቷ ቋሚ ምን እንደሆነ አታውቅም። ስልክ በተደወለ ቁጥር ግን ትጠይቃለች፣ «ቋሚ ሆንሽ?»

ቅየሳ ከምንም አይጀመርም። ድሮ የተተከለ፣ ቦታው በካርታ ላይ የታወቀ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ እየተለካ ይሄዳል። ዳበል አካባቢ እንዲህ ያለ አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር። አራት ማዕዘን፣ ከሲሚንቶ የተሠራ፣ አናቱ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት። ካርታው ላይ አለ። መሬቱ ላይ የለም።

ጠዋት ጠዋት በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ትወጣለች። ከኋላዋ በሌላ ቦዳ ቦዳ ጅሎ ይከተላል፤ መለኪያ ዘንግ እንዲይዝላት እዚያው ሞያሌ የቀጠረችው ጎልማሳ ቦረና ነው። እሾህ ለእሾህ ይዞራሉ። ካርታው እዚህ ነው ያለበት ቦታ ሄደው ይቆፍራሉ፤ ጎርፍ የሸረሸረው ገደል ብቻ ነው። ማታ ጆይስ ትደውላለች።

«አገኘሽው?»

«እየፈለግኩ ነው።»

«ድንጋይ እግር የለውም፣ እታለማሁ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ጀርባ ካለች ጉብታ ላይ፣ ቁጥቋጦ መሃል ነጭ ነገር ብልጭ አለባት። ሮጠች። አራት ማዕዘን። ሲሚንቶ። አፈሩን በእጇ ጠረገች፤ ቁጥሩ አለ። ራሱ ነው! እዚያው ጉብታው ላይ ኔትወርክ ስለነበር እዚያው ደወለች።

«አገኘሁት!»

«ቁጥሩን አንብቢልኝ።»

አነበበችላት።

«ጎበዝ። ተገኘ ብዬ ሥራውን ለሰጡን ባለሥልጣናት አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። መሣሪያውን ከሳጥኑ አወጣች፣ የማቆሚያውን ሦስት እግሮች ዘረጋች። ጅሎ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ና እንጂ፣ ምን ገተረህ?»

«እዚህ ይሻለኛል፣ ኢንጂነር።»

«ደከመህ?»

«አልደከመኝም።»

ተወችው። ጊዜ የላትም። አንዱን እግር አፈር ላይ ተከለች፣ ሁለቱን ደርደር ካሉ ትንንሽ ድንጋዮች መሃል አስገብታ በጫማዋ ረገጠቻቸው። አጎንብሳ ሚዛኑን ስታስተካክል የሰው ጥላ አረፈባት። ቀና አለች። አንዲት አሮጊት፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጮክ አላሉም። በቦረንኛ አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

ጅሎ መሬት መሬቱን ያያል።

«ጅሎ! ምን አሉ?»

«‹ልጄ ምን አደረገሽ? በሦስት እግር የቆምሽበት ምን አጥፍቶ ነው?› ነው የሚሉት።»

ያኔ አየችው። ትንንሾቹ ድንጋዮች ዝም ብለው የተበተኑ አልነበሩም። በርዝመት ተደርድረዋል። ከታች ጫፍ ሌላ ትንሽ ድንጋይ ቆሟል፤ ግርጌ። ነጩ ድንጋይ ራስጌ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት የልጅ ቁመት ነው።

መሣሪያውን እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። «ፖሌ፣ ማማ። ፖሌ፣ ፖሌ» ትላለች፤ ይቅርታ በሁሉም ቋንቋ ጠፍቶባት በስዋሂሊ ብቻ ቀርቶላታል። አሮጊቷ ቁጭ ብለው የተረገጡትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሱ። ጡሪ ነው ስማቸው።

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?» አለች ወደ ጅሎ ዞራ።

«ያየሽ መሰለኝ። መቃብር የማያውቅ ሰው አለ? ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው አልኩ። መንግሥት ካልፈራ እኔ ማነኝ?»

«ድንጋዩን ከየት እንዳመጡት ጠይቅልኝ።»

ጠየቀ። ልጁ የሞተው ብዙ የዘነበ ዓመት ነው። ጎርፉ ይሄን ድንጋይ አንከባልሎ አምጥቶ ወንዙ ውስጥ ጥሎታል። የጡሪ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአህያ ጭነው አመጡት። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ከባድ ስለሆነ ጭቃው አይውጠውም። አንድ ልጃቸው ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ምን ያቁሙለት?

«ጎርፉስ ከየት አመጣው?»

ጡሪ እጃቸውን ወደ ላይ አገር ዘረጉ። ያ ሁሉ ሜዳ።

«ከላይ ነዋ፣ ኢንታላ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ወተት ያለበት ሻይ ይዘውላት መጡ። ስትነገር እግሯን ያነሳች ልጅ ናት፤ ያሳደጋት ይባረክ አሉ። እታለማሁ ሻዩን ጠጣችው።

ማታ ራሷ ደወለች።

«ጆይስ፣ ድንጋዩ ተነቅሏል። መቃብር ላይ ነው ያለው።»

«ቁጥሩ አለበት አይደል?»

«አለበት። ቦታው ግን እዚያ አይደለም። ከእሱ ከጀመርኩ ሁሉም ይዛባል። መንገዱ ቤት ላይ ይወጣል፣ የአንዱ ግቢ ሌላው ጓሮ ውስጥ ይገባል።»

«የድሮ ቦታው የት ነበር?»

«ጎርፍ በልቶታል።»

«ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«የሚያውቅ ከሌለ አልተነሳም። ጀምሪ።»

«ራቅ ብሎ፣ ኡራን በሚባለው መንደር በኩል ሌላ ድንጋይ አለ። ከዚያ እየለካሁ ልምጣ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ተገኘ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እታለማሁ። አንቺ ነሽ ያስነገርሽኝ። ነገ ካልጀመርሽ የሚጀምር ሰው እልካለሁ።»

በነጋታው ዳበል ሄደች። ሳጥኑን ከፈተች። ዘጋችው። ደግማ ከፈተች። ጀግንነት አልነበረም፤ እጇ ነው እምቢ ያላት። ጅሎ ከዘንጉ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያታል። ሲመሽ ተመለሱ። ልጇ ደወለች።

«ቋሚ ሆንሽ?»

«ገና ነኝ፣ እናቴ።»

ጆይስ ሰው ላከች። የተላከው ወልደ ሥላሴ ነበር። የስደተኛ ልጅ ነው እንደሷ፤ አንድ ክፍል ተምረዋል፣ አንድ በር ላይ ቆመው ሥራ ጠብቀዋል። ከአውቶቡስ ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው። እታለማሁ ሀቢባ ሱቅ አስቀመጠችውና ሁሉንም ነገረችው፤ መቃብሩን፣ ጎርፉን፣ ሁሉንም።

«አትንገሪኝ፣ እቱ» አለ።

«ነገርኩህ እኮ።»

«አልሰማሁም። ሚስቴ ልትወልድ ነው። ከአምና ጀምሮ ቤት ነኝ። እኔ እምቢ ብል የሚቀጥለውን ይልካሉ፤ ታውቂ የለ?»

ታውቃለች። እሷም አምና ብትሆን አልሰማሁም ትል እንደሆነ አታውቅም።

ሀቢባ ጨርቅ እያጠፈች፣ «ናይሮቢ ያስተማሯችሁ መደንቆር ነው እንዴ?» አለችው። ወልደ ሥላሴ ቀና አላለም።

«ድንጋዩ የት ነው?» ብቻ አለ።

የመለሰው በር ላይ የቆመው ጅሎ ነው።

«እኔ አሳይሃለሁ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አትቀየሚኝ፣ ኢንጂነር። እኔም ቤት አለኝ» አለ። ሳጥኑን አንስቶ ወጣ።

የእታለማሁ ሥራ አበቃ፤ የናይሮቢው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ግን ሞያሌ ቀናት ቆየች። ልትሳፈር በወጣችበት ጠዋት፣ ሻንጣዋን ሱቁ በር ላይ አቁማ ስትጠብቅ ከብት ከጫነ ሎሪ ላይ አሮጊት ሲወርዱ አየች። ጡሪ ናቸው። ያቺን እግሯን ያነሳች ልጅ የት ትገኛለች እያሉ እየጠየቁ ነው የመጡት። ሰላም ሳይሏት ሻንጣዋ ላይ ዘጭ አሉ፤ ደክሟቸዋል። ሀቢባ ውሃ ሰጠቻቸውና ማስተርጎም ጀመረች።

«ሌላ መጥቶ ቆመበት ነው የምትለው። ብነግረው አይሰማም። አንቺ አለቃው ነሽ፣ ንገሪው ይውረድ ትላለች።»

«አለቃው አይደለሁም በያት።»

«ብያታለሁ። አላመነችም።» ሀቢባ ደግሞ አዳመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የቤቴ ምሰሶ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ ሄደ ትላለች። እርዳታ ሊሰጡኝ ምልክት አድርገውልኝ ነው ወይ ትላለች።»

ቀይ ቀለሙን እታለማሁ ታውቀዋለች። መንገድ ሊወጣበት የሚፈርስ ቤት ላይ የሚቀባ ነው።

ስልኳን አውጥታ ወልደ ሥላሴ ጋ ደወለች። ይጠራል። አይነሳም። እንደገና ደወለች። ይጠራል። የናይሮቢው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፤ ረዳቱ በእጁ ጠራት። ጡሪ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጡ አንጋጠው አፍ አፏን ያያሉ።

«ምን ልበላት?» አለች ሀቢባ።

ስልኩ ይጠራል።

«እታለማሁ፣ ምን ልበላት?»