የምንታምር እፍኝ ሩዝ

ምንታምር በአርባ ስድስት ዓመቷ ሙዝ በእንግሊዝኛ መቁጠር ጀመረች። አስተማሪዋ የገዛ ልጇ ሐሴት ናት። ሐሴት መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር ማስጠናቱን ታውቅበታለች፤ በስደት አገር ማንያታ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ምግቡን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ታስደግማታለች። አንዱ «ባናና»፣ ሲበዛ «ባናናስ»፣ ዘለላው «በንች ኦፍ ባናናስ»፤ ዳቦው ደግሞ «ሎፍ ኦፍ ብሬድ»።

«ሩዝስ ሲበዛ?»

«ሩዝ አይበዛም፣ እማ። ቢበዛም ያው ራይስ ነው።»

«እሱንማ ሳልማርም አውቀዋለሁ» አለች ምንታምር። «መቼ በዝቶልን ያውቃል!»

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ወጥ ስትሠራ ጭሱ ዓይኗን ጎድቶታል፤ ሐኪሙም ከምድጃ ራቂ ብሏታል። ከተማው ውስጥ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ለምግብ ስቶሩ ጠባቂ ይፈልጋል፤ መዝገቡ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ሥራ ካመለጣት ወደዚያው ጭስ መመለሷ ነው። ፈርታለች፤ ፍርሃቷ እንዳይታወቅባት ሐሴትን ስትቆጣ ሰነበተች።

በመቀጠሪያ ፈተናው ቀን ርዕሰ መምህርቷ ማርጋሬት አንድ ወረቀት ሰጠቻት። ለአርባ ተማሪዎች ምሳ ከስቶር የሚወጣውን መጻፍ ነው። ምንታምር ላብ በላብ ሆና ጨረሰች። ማርጋሬት እያነበበች ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ ቆይታ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመች፤ «ኤ ሀንድፉል ኦፍ ራይስ» ይላል።

«ማማ ምንታምር፣ የአርባውን ሩዝ ከላይ በኪሎ ጽፈውታል» አለቻት በስዋሂሊ። «ይህ እፍኝ ደግሞ ምንድን ነው?»

ምንታምር አየችው። መጻፏንም ልብ አላለችም ነበር።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ማዳም። እጄ ለምዶብኝ ነው» አለች እየተሽኮረመመች። «ልጅ ሆኜ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ነበርኩ። እዚያ ራሽን የወሰደች ሴት ሁሉ ከመሄዷ በፊት ከድርሻዋ አንድ እፍኝ ሳፋ ውስጥ ትጨምር ነበር፤ የራሽን ካርድ ለሌለው አዲስ መጪ። እኔና እናቴ የመጀመሪያ ቀን የበላነው ከዚያ ሳፋ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል ስሰፍር አንድ እፍኝ ለብቻ ሳላስቀምጥ አልነሣም።»

«እኛ ጋ እኮ አርባዎቹም ተመዝግበዋል። ይህ ለማን ነው?»

«አላውቃትም፣ ማዳም። ገና አልመጣችም።»

ማርጋሬት እስክሪብቶዋን አነሣችና እፍኙን ሰረዘችው። አለቀልኝ አለች ምንታምር በሆዷ፤ ጭሱ ገና ከአሁኑ ዓይኗን የቆጠቆጣት መሰላት። ማርጋሬት ግን ከተሰረዘው በላይ «ዋን ኪሎ» ብላ ጻፈች።

«እፍኝ ሰው አያጠግብም፣ ማማ» አለችና የስቶሩን ቁልፍ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠቻት።