ለመኪናው ሽማግሌ የላከ አባት

ተክለ ጻድቅ ፀሐይ አይጠላም። የሚጠላው ፀሐይ መኪናው ላይ ስታርፍ ነው። ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል ካለው ቤቱ ደጅ የምትቆመው የወይን ጠጅ ቀለም ያላት መኪና ዘጠኝ ወር ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ምንም አይመስለውም። አገር ቤት ክረምቱ በሚከብድበት በሐምሌ፣ እዚህ ሰማዩ ወለል ብሎ ሲጠራ ግን ሰውዬው ሰላም ያጣል። ጎረቤቶቹ ቁምጣ ለብሰው ሣር ላይ ሲጋደሙ እሱ ልብስ ታቅፎ ይወጣል። ልብሱ የመኪናዋ ነው፤ በልኳ የተሠራ፣ ከውስጥ ለስላሳ፣ ከውጭ ብርማ። ከሥራ ሲገባ ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅና ያለብሳታል፤ ምሳው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያውቁት ሁሉ ይስቁበታል። እሑድ ልብሷን ገፎ ቤተ ክርስቲያን ይዟት ሲመጣ፣ «ዛሬ ታቦቷ ወጣች» ይባባላሉ። ሚስቱ የኔነሽ፣ «ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ብርድ ልብስ ደርበህልኝ አታውቅም» ትለዋለች። ይህ እንኳ ሐሰት ነው፤ ደርቦላት ያውቃል። ግን እንደ መኪናዋ ጠርዝ ጠርዙን እየጎተተ አላስተካከለላትም፤ እሱን አይክድም።

ነገሩ የሚጀምረው አሰብ ነው። በሃያ ዓመቱ ወደብ ላይ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ከመርከብ ሲወርድ እንደ መስታወት ያበራ የነበረ መኪና በሁለት ዓመቱ ቀለሙ እንደ አሮጌ ግድግዳ ሲላላጥ በዓይኑ አይቷል። ቀን ፀሐዩ ያነደዋል፤ ማታ ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ ጤዛ ይበላዋል። «ሲያትል እኮ አሰብ አይደለም» ሲሉት፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ጨው ቪዛ አይጠይቅም» ይላል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሳይግል ማለዳ ያጥባታል፤ አንዱ ባልዲ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠገቧ አይደርስም፣ ሰሙን ይገፈዋልና። ዛፍ ሥር አያቆማትም፣ ሙጫ ይንጠባጠባልና። በየሦስት ወሩ ሰም ይቀባታል። አሥረኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ያያት ሁሉ ትናንት የተገዛች ነው የምትመስለው።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ልብሷን ሲያለብሳት የኔነሽ በረንዳው ላይ ቆማ ወሬ ነገረችው። ብቸኛ ልጃቸው ኖላዊት ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

«ኖሊ ኮል አድርጋ ነበር። ለሰርጓ ሊሞ ሬንት አድርጋለች።»

«ሊሞ ለምን? መኪና እያለ?»

የኔነሽ አየችው። መኪናዋንም አየች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

ተክለ ጻድቅ ሆድ ባሰው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም እንጂ፣ መኪናዋን የገዛት ኖላዊት ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ነው፤ ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠው በልቡ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ቀን ሙሽራዋን ልጄን ይዤባት እወጣለሁ። ያ ሁሉ ሰም፣ ያ ሁሉ ልብስ ለዚያ ቀን ነበር። አሁን ቀኑ ሲደርስ ልጅቷ ሳትጠይቀው ከማያውቁት ሰው ተከራየች።

ለምን እንዳልጠየቀችው ግን ያውቀዋል። ስትመረቅ አልካይ ባሕር ዳርቻ ፎቶ ሊነሱ ሄደው፣ ከጓደኞቿ ጋር የፀሐይ ቅባት በተቀባ እጇ ኮፈኖውን ተደግፋ ነበር። እሱም በሰው ፊት፣ «እጅሽን አንሺ!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ እዚያች መኪና ውስጥ ስትገባ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ነው የምትቀመጠው፣ እንግዳ ቤት እንደሄደ ልጅ። ለእሷ ብሎ የጠበቃትን መኪና ከእሷ ጠበቃት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሁለቴ ደወለላት። ሁለቴም ስለ አየሩ አውርቶ ዘጋ። አባት ልጁን «እባክሽ በኔ መኪና ሂጂ» ብሎ የሚለምንበት ቃል አልመጣለትም። በሦስተኛው ቀን መፍትሔው መጣለት፤ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ሲፈልግ አፉም ካልታዘዘው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል።

«ለማን?» አለች የኔነሽ።

«ለኖሊ።»

የኔነሽ ሶፋው ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ቅዳሜውኑ ሦስት ሽማግሌ አሰባሰበ። አንዱ አብሮት ኤርፖርት ሻትል የሚነዳው ሙላቱ ነው፤ አንዱ ከማውንትሌክ ቴራስ የሚመጣው የድሮ ጓደኛው ኡርጌሳ፤ ሦስተኛው ሸምግለው የማያውቁት ትዳር የለም የሚባሉት ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ሦስቱንም በዚያችው መኪና ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ልጁ የምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ አደረሳቸውና እሱ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ፀሐይ ኮፈኖው ላይ ቀጥ ብላ ወርዳለች። ጥላ ፍለጋ ሊሄድ አሰበና ቢመጡ እንዳያጡት ፈርቶ ቀረ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ወረዱ።

«በደንቡ ነው ያደረግነው» አለ ሙላቱ በመስኮቱ አጎንብሶ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። ልጅቷ ደነገጠች፤ እጮኛዋ ኢዮሲያስ ሰርጉን ያፈረሰ መስሏት ልታለቅስ ነበር። ነገሩን ስንነግራት ደግሞ ሳቋን መግታት አቃታት።»

«ጨዋ ልጅ ናት» አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ለጋብቻ ጥያቄ የመጡ እየመሰላቸው። «ቤተሰቡም ጥሩ ነው።»

«እሺ አለች?»

«በቅድመ ሁኔታ» አለ ሙላቱ። «አንደኛ፣ የዚያን ቀን መኪናዋ ልብስ አትለብስም፤ የትም ትቁም። ሁለተኛ፣ ሚዜዎቹ ሲሳፈሩ ጫማ አያወልቁም። ሦስተኛ፣ አበባው ኮፈኖው ላይ በፕላስተር ይለጠፋል።»

«ፕላስተር? በዚህ ፀሐይ? ሙጫው እኮ ቀልጦ...»

«ተክሌ» አለ ኡርጌሳ፣ «እኔ ከማውንትሌክ ቴራስ ድረስ አንድ ሰዓት ትራፊክ ይዞኝ ነው የመጣሁት። በፕላስተር ምክንያት ባዶ እጄን አልመለስም።»

ተክለ ጻድቅ ዓይኑን ጨፈነ። «ይለጠፍ» አለ።

«አራተኛውን ራሷ ትነግርሃለች» አለ ሙላቱ።

ኖላዊት በነጠላ ጫማ ወርዳ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዘወር አሉላት። ወደ መስኮቱ መጣች፤ እጇን እንደ ልማዷ በሩን እንዳትነካ ወደ ኋላዋ አድርጋ።

«አባዬ፣ ቴክስት ማድረግ አትችልም ነበር?»

«ይኼ በቴክስት የሚሆን ነገር አይደለም።»

«ኦኬ። የምረቃዬን ፎቶዎች አይተሃቸው ታውቃለህ? በሁሉም ላይ ያለው ጀርባህ ነው። ኮፈኖውን እየወለወልክ። አንድም ፊትህ የሚታይበት የለም።»

«የዚያን ቀን...»

«ቆይ ልጨርስ። ሊሞ የተከራየሁት ቀለሙ እንዳይበላሽብህ ብዬ አይደለም። በሰርጌ ቀን ከመኪና ጋር መፎካከር ስላልፈለግኩ ነው። ሶ፣ አራተኛው ይሄ ነው። የዚያን ቀን እኔን እየኝ። ካልቻልክ ምንም አይደል፣ አልቀየምህም፤ ሊሞውን ካንስል አላደርግም።»

ተክለ ጻድቅ አሥር ዓመት የደበቀውን ያን ጊዜ ነገራት፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሽ ዓመት ነው የገዛኋት፣ ለዚህ ቀን ነው ያኖርኳት አላት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ሁለቱም ሳቁ። እሱም «እሺ፣ አይሻለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን ሲሰጥ ግን ልቡ አላመነውም። ራሱን ያውቃል፤ ዓይኑ ሳያዘው ወደዚያች መኪና የሚሄድ ዓይን ነው። ቢያፈርስ ልጁ እንደማትቀየመው ነግራዋለች፤ እሱን ያስፈራው ደግሞ ይኸው ነበር። የማትቀየም ልጅ ተስፋ የቆረጠች ልጅ ናት።

በቀሩት ሳምንታት የራሱን ዘዴ ቀየሰ። መኪናዋ ምንም እንዳትሆን አድርጌ ካዘጋጀኋት የማያት ምክንያት አይኖረኝም አለ። በየማለዳው እየተነሣ አጠባት፣ አለሰለሳት፣ በሰሙ ላይ ሌላ ሰም ደረበባት፤ ውሃ ሲያፈሱባት እየተንከባለለ ይወርድ ጀመር። የኔነሽ ቡናዋን ይዛ እያየችው፣ «ይህን ያህል ሙሽራዋም አልተኳለችም» አለችው።

የሰርጉ ቀን ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረውም። ኖላዊት ነጭ ለብሳ ስትወጣ በሩን ከፈተላት፣ ቀሚሷን ሰብስቦ አስገባላት። ኮፈኖው ላይ ጽጌረዳ በፕላስተር ተጠፍሯል፤ አላየም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከሚዜዎቹ የአንዷ ቀለበት በሩን ሲቧጭረው ሰማ፤ አንገቱ ከግማሽ በላይ ዞሮ ነበር፣ ከንፈሩን ነክሶ መለሰው። በመንገድ ላይ ሚዜዎቹ ጣሪያውን እንደ ከበሮ ሲመቱት ጥርሱን ገጥሞ በስፖኪዮው ልጁን አየ። እስከዚያ ድረስ ማየቱ ሥራ ነበር፤ እንደ ጾም ቆጥሮ ነበር የሚይዘው።

አልካይ ሲደርሱ ነገሩ ተለወጠ።

መኪናዋን ባሕሩ ዳር፣ ፀሐዩ መሐል አቆማትና ወረደ። ኖላዊት ጫማዋን አውልቃ ከኢዮሲያስ ጋር በአሸዋው ላይ ትሮጥ ነበር። ነፋሱ ቬሏን አንሥቶ ፊቷ ላይ ሲጥለው ሳቀች፤ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ አለ። ተክለ ጻድቅ ደንግጦ ቆመ። አሥር ሜትር ርቆ ቀለም ላይ ያረፈ የጣት አሻራ የሚያይ ሰው፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያሳደጋት ልጁ ስርጉድ እንዳላት አያውቅም ነበር። የየኔነሽ ስርጉድ ነው፤ ድሮ አዲስ አበባ ያያት ቀን ልቡን የወሰደው እሱው። ሌላ ምን አምልጦኛል ብሎ ማየት ጀመረ። ስትራመድ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ሰው ሲያወራት ጆሮዋን ትነካለች። አየ፣ አየ፣ አልጠግብ አለ። ደስታው ከእግሩ ጀመረና ሚዜዎቹ መሐል ገብቶ ይጨፍር ጀመር፤ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ዞረ።

አንዲት የባሕር ወፍ በዚያው ሰዓት በመኪናዋ ላይ አለፈችና ኩሷን ኮፈኖው መሐል ለቀቀችው። ትንሽም አልነበረም።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። የወፍ ኩስ በፀሐይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ቀለሙን ቆፍሮ እንደሚገባ ከእሱ አፍ ያልሰማ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ተዝካር ላይ ሳይቀር አስተምሯል። ኡርጌሳ መሐረቡን አውጥቶ ወደ መኪናዋ ሲራመድ የኔነሽ ክንዱን ያዘችው።

«ተወው» አለች።

«ይቃጠላል እኮ።»

«ይቃጠል። ልጄም እያየች ነው።»

እውነትም ኖላዊት አይታለች። ከዚያ ወዲያ ፈገግ እያለች ፎቶ ብትነሣም ልቧ ወደ አባቷ ነበር። አምስት ደቂቃ ሆነ። ተክለ ጻድቅ መኪናዋ አጠገብ ድረስ መጥቶ ውሃ ጠጣ፣ ጀርባውን ኮፈኖው ላይ ደገፍ አደረገ፣ ተመልሶ ሄደ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ። ሙላቱ ሰዓቱን ያያል። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ «ምን እየጠበቅን ነው?» ይላሉ። ግማሽ ሰዓቱ ሞላ፣ አለፈም። ፀሐዩ ኮፈኖው ላይ ይነድዳል፤ ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ይጨፍራል።

በመጨረሻ ያልቻለችው ራሷ ኖላዊት ናት። ቀሚሷን ሰብስባ በአሸዋው ላይ መጣችና እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ ወፍ... መኪናዋ ላይ...»

ተክለ ጻድቅ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ያን ስርጉድ እያየ፣ ግራ ገብቶት ጠየቃት።

«የቷ መኪና?»