ያልፈረምኩት የምስክርነት ቃል

«እናቴ፣ መኪናውን ሲነዳ የነበረው ማነው?» አለኝ ትራፊኩ።

«አላየሁም» አልኩት። መኪናው የግቢውን ግንብ ሲመታ የሰማሁት ልብስ እያጠብኩ ነው። በሩን ስከፍት አብረውኝ የሚኖሩት ልጄና ባሏ ወርደው ቆመዋል። ሲመረመሩ ሁለቱም ጠጥተዋል፤ ማን እንደነዳ ግን ሁለቱም አልተነፈሱም።

እኔ በልቤ ፈርጄ ነበር። እሱ ከዓመታት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ተቀጥቷል። ልጄ ደግሞ የመኪና ማሰልጠኛ መምህር ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ስልክ ሲያወራ ጆሮዬን እጥላለሁ። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ከገባሁ ዝም ይላሉ። ይሄ ሰውዬ ልጄ ላይ ሊያላክክ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀት ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ የምስክርነት ቃል ነው። እዚህ ጋ አሻራዎን ያሳርፉልኝ።»

«ምን ይላል?»

«ያው፣ ያዩትን ነው።»

«እኔ ምን አየሁና? መነጽሬን አቀብለኝ።»

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። እሱ ሳቅ አለ። «እርስዎ አንብበው እስኪጨርሱ እኮ ፍርድ ቤቱ ይዘጋል!»

«ይዘጋ!»

ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «መኪናውን የልጄ ባል ሲነዳ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምኩት።

«በገዛ ራስህ ላይ?»

«እሷ ሥራዋን ታጣለች፣ እማዬ።»

ልጄ ከጓዳ ወጣች። «ፈርሚለት በቃ፣ እማ! ምን አስጨነቀሽ?»

«አንቺ ነሽ የነዳሽው?»

መሬት መሬት አየች።

«ትራፊኩ ያለውን ሰምተሻል» አልኳት። «ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል፤ በዚያው ያበቃል። የሱ ግን ሁለተኛው ነው። ይታሰራል።»

«ጥቂት ወር ነው» አለች።

ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። «ነገ ሄደሽ ራስሽ ካልተናገርሽ፣ ይሄን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።»

ሄዳ ተናገረች። ገንዘብ ተቀጣች፤ መንጃ ፈቃዷ ለስድስት ወር ታገደ፤ ማሰልጠኛውም አሰናበታት። «የሰው ልጅ ከእኔ አስበለጥሽ!» ብላኝ ሻንጣዋን አነሳች። ባሏ ልከተልሽ ሲላት እንቢ አለችው።

እሷ አክስቷ ዘንድ ሄደች። እሱ እኔ ጋ ቀረ።