ደስታውን ለማን ይንገረው

ኢኖክ ፔንሮዝ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለሚያረቀው ጉባኤ ተወክሎ ከትንሿ ደላዌር ግዛት ሲነሳ የአገሩ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቀው አስጠንቅቀውታል። በሚቋቋመው አዲስ ምክር ቤት ደላዌር ከማንም እኩል ድምፅ ሳታገኝ እንዳይመለስ። ባዶ እጁን ቢመለስ በገዛ ሰፈሩ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም ነበር።

የጉባኤው ከተማ ፊላዴልፊያ በእንግዳ ተጨናንቃ ስለነበር አከራይዋ ወይዘሮ ዶርካስ ከባርናባስ ሃርግሮቭ ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኙት። በዚያ በጋ ብቻውን የሚተኛ ተወካይ ብርቅ ነው። ችግሩ ሃርግሮቭ የቨርጂኒያ ሰው መሆኑ ነው፤ ሕዝቧ ከግዛቶቹ ሁሉ የበዛው የዚያች የቨርጂኒያ።

ቨርጂኒያ ሰው የበዛበት ግዛት ብዙ መቀመጫ ይውሰድ አለች። ትንንሾቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ፣ አለቀ ደቀቀ አሉ። የጉባኤውን አዳራሽ መስኮት ዘግተው፣ በሙቀት እየተቀቀሉ፣ ከወር በላይ ተነታረኩበት። ከአዳራሹ ውጪ ግን ለሚስትም ቢሆን ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው፤ ሁሉም ቃል ገብተዋል። ስለዚህ ኢኖክ ንዴቱን የሚወጣበት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አልጋ ተጋሪው።

«እስቲ ንገረኝ» ይለዋል ሃርግሮቭ ጫማውን እያወለቀ። «የእናንተ አንድ ሰው የእኛን አስር ያህላል? ምን በልቶ?»

«ከምትቆጥረው ውስጥ ግማሽ ያህሉ በባርነት የያዛችሁት ነው። ድምፅ በነፈግከው ሰው ስም መቀመጫ ስትጠይቅ አታፍርም?»

«ደላዌር ውስጥ ባሪያ የለም አሉህ?»

እንዴት አይኖርም፣ የኢኖክ የገዛ አጎቱ ቤት አለ። የዚያን ዕለት ከሃፍረቱ የተነሳ ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ።

በመጨረሻ የኮኔቲከት ሰዎች መሃል ገቡ። ምክር ቤቱ ሁለት ይሁን አሉ፤ አንደኛው በሕዝብ ቁጥር፣ ሁለተኛው ለሁሉም እኩል።

«የድንበር ጠብ የሚያስታርቁ መሰላቸው እንዴ?» አለ ሃርግሮቭ በብስጭት። ኢኖክ ግን ተስፋው ሁሉ እዚያች ሁለተኛዋ ምክር ቤት ላይ ተንጠለጠለ።

ድምፅ በሚሰጥበት ሰኞ ጠዋት ቁርስ ቀርቦለት በር በሩን ያያል። ሐሳቡ ከወደቀ ጉባኤውን ጥሎ ሊሄድ ሻንጣውን አስሯል።

«አቶ ፔንሮዝ፣ አሞዎታል እንዴ? ምግቡን እኮ አልነኩትም» አሉት ወይዘሮ ዶርካስ።

«ሙቀቱ ነው እሜቴ።»

አዳራሹ ውስጥ የግዛቶቹ ስም በየተራ ተጠራ። አንድ ግዛት የፈለገውን ያህል ተወካይ ቢልክ ድምፁ አንድ ነው፤ ተወካዮቹ እኩል ከተከፈሉ ደግሞ ያቺም ትባክናለች። መጀመሪያ የተጠራችው ማሳቹሴትስ ነበረች፣ ከትልልቆቹ አንዷ። አራቱ ተወካዮቿ ሁለት ለሁለት ተፋጠጡና ድምፅዋ ባከነ። ሃርግሮቭ ዐይኑ ፈጠጠ። ኢኖክ ጠረጴዛው ሥር በጣቱ መቁጠር ያዘ። የመጨረሻዋ ግዛት ተጠርታ ስታበቃ፣ አምስት ለአራት! የኮኔቲከቶች ሐሳብ አለፈ።

ኢኖክ ጮቤ እየረገጠ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። መንገድ ላይ አንዲት ዓሣ ሻጭ አየችውና «ጌታዬ፣ ምን ተገኘ? ፊትዎ በርቷል!» አለችው። «ምንም» ብሎ አለፈ። ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሊጽፍ ብዕር አነሳ፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ በርትቷል» ብሎ ጀመረና ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው አጣ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፣ ደስታው ደግሞ ሊያፍነው ነው።

ወደ ጓሮ ወጣ። ሃርግሮቭ አኩርፎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

«ሂድልኝ ከዚህ!»

«ልሂድ። ግን ወደ ማን?»

ሃርግሮቭ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አጠገቡ የነበረውን በርጩማ በእግሩ ገፋለት።

«ና ተቀመጥ፣ እዚሁ እንዳትፈነዳብኝ። አንዴ ብቻ ነው የምሰማህ» አለው። «ከማሳቹሴትስ ጀምር።»